በሊትር ስንት ትሄዳለች?

የአዲስ አበባ አሮጌ ፒካፕ ባለቤት ዕድሜውን ሲጠይቁት ሊቀንስ፣ ገቢውን ሲጠይቁት ሊያድበሰብስ ይችላል። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ሲሉት ግን ሳያቅማማ «አሥር» ይላል። ካሶኒው ባዶ ይሁን ሲሚንቶ የተጫነበት፣ መንገዱ የአዳማው ፈጣን መንገድ ይሁን የመርካቶ ግፊያ፣ መልሱ ያው አሥር ነው።

በሰኔ 2014 መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው መቀነስ ሲጀምር ናፍጣ ከ35 ብር ወደ 49 ብር ገደማ ዘለለ፤ ከዚያም ወዲህ 100ን ተሻገረ። አሥርን መጠራጠር የተጀመረው ያኔ ነው።

ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ያለው የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው። መኪናዋ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የሌላት፣ የ1990ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ሥሪት ነች። ስለ ጥንካሬዋ የሚነገረውን ሁሉ ያምናል፤ ለማመንም ምክንያት አለው። የቢቢሲው የመኪና ዝግጅት ቶፕ ጊር በ2003 እ.ኤ.አ. አንዲት የ1988 ናፍጣ ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ ቢነክራት፣ በእሳት ቢለኩሳት፣ በሚፈርስ ፎቅ አናት ላይ ቢያስቀምጣት ሞተሯ አሁንም ተነሣ። በሊትር ስንት እንደምትሄድ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ነጋዴው የነዳጅ ጌጁን ማመን ትቶ ሰልባቲዮውን አፉ ድረስ ሞላ፣ ሳምንቱን ነዳ፣ እንደገና አፉ ድረስ ሞልቶ የሄደበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፈለ። ሰባት ከምናምን! እርግጥ ለግርማ ሞገስ ብሎ ያስገጠመው ትልልቅ ጎማም ጥፋት አለበት። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ስለሚጨምር ቆጣሪው ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። ግርማ ሞገሱ ክብደቱን ለሞተሩ እያሸከመ፣ ኪሎ ሜትሩን ደግሞ ከሒሳቡ ይሰርቃል።

ጋራዥ ሄደ።

«ማስተር፣ ናፍጣ ጨረሰችኝ።»

«ጋሼ፣ ፖምፓዋን ማን ነካው?»

«ጉልበት አጥታ ነበር፤ ትንሽ ከፈት አድርገውልኛል።»

መካኒኩ በጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጥቁር ጭስ አሳየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ይስባል፤ ያ አየር ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ናፍጣ ሲረጩበት ትርፉ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ከፈት የተደረገው የፖምፓ ብሎን ጉልበት የሰጠው ለጭሱ ነው። የአየር ፊልትሮው ደግሞ በሲሚንቶ ብናኝ ተደፍኖ ሳንባዋን ይበልጥ አጥብቦባት ነበር።

«ቴርሞስታቱስ?»

«ትግላለች ተብሎ ወጥቷል።»

ይህ የከተማችን ጋራዦች የቆየ መድኃኒት ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ልብሱን ገፍፎ ዝናብ ላይ እንደ ማቆም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር፣ በተለይ በክረምት ጠዋት፣ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ለመድረስ ይዘገያል። ዘይቱ እንደ ወፈረ፣ ቃጠሎው እንደ ሰነፈ፣ ናፍጣው እየፈሰሰ ነጋዴው ሱቁ ይደርሳል። ትሞቅ የነበረው ራዲያተሯ ስለ ተደፈነ ነው፤ ራዲያተሩን ያየው ግን የለም።

ጎረቤቱ የበለጠ ዘመናዊ መፍትሔ ነበረው። በናፍጣው ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ገዝቶ «ሞለኪውሉን ያስተካክለዋል» ይላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ጥቅም ያገኘው በጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ እሱንም በመጠኑ። ማግኔቱ ቢያንስ ማቀዝቀዣ በር ላይ ወረቀት ይይዛል።

የኋላ ስፖንዳ ከፍቶ መንዳትም እንዲሁ በየመንገዱ የሚታይ ጥበብ ነው፤ ነፋሱ ይለፍ ተብሎ። ስፖንዳው ሲዘጋ ግን ካሶኒው ውስጥ አየር ተጠቅልሎ ይቀመጥና ዋናው ነፋስ በላዩ ያልፋል። ሚዝባስተርስ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሁለት ፒካፖችን ሲያወዳድር ርቆ የሄደው ስፖንዳው የተዘጋው ነበር። ይልቅ ፍጥነት ነው ጉዱ። ከ80 ወደ 110 ሲወጡ የነፋሱ ግፊት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ለነጋዴው የነገረው ሰው መልስ አላገኘም፤ ነጋዴው እየቀደመው ነበር።

ዋናው ቁጠባ የተሞከረው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ነጋዴው ሲሚንቶውን እንደ ጫነ ማርሹን አውጥቶ ለቀቃት። የናፍጣ ሞተር ግን በማርሽ እንዳለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ናፍጣውን ይዘጋበታል፤ ጎማው ሞተሩን በነጻ ያሽከረክረዋል፣ ሞተሩም መኪናዋን ይይዛታል። ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ተነሥታ እንደ ቆመች መኪና ናፍጣ እየጠጣ ይቀጥላል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ የፍሬኖቹ ሽታ ተሳፋሪዎቹን ቀድሞ ወርዶ ነበር።

ጋራዡ የተቃጠለውን የፍሬን ሸራ አውጥቶ አሳየውና ሒሳቡን ጻፈ።

«ጋሼ፣ በዓባይ ያተረፉትን ናፍጣ ከዚህ ላይ ልቀንስልዎ?»