መሪጌታው የየትኛው ወገን ናቸው?

በአሜሪካ በዋሺንግተን ግዛት፣ ቤይንብሪጅ በምትባል ደሴት፣ በ1957 ዓ.ም. ክረምት፣ ጆኤል ፕሪቻርድ የተባሉ የሕዝብ እንደራሴ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው፣ የሚያደርጉትን አጥተው የሚነጫነጩ ልጆቻቸውን ዝም ለማሰኘት ሲሉ የፈጠሩት ፒክልቦል የተባለው ጨዋታ፣ ዛሬ ርዝመቱ 44 ወርዱ 20 ጫማ በሆነ ሜዳ ላይ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ወገን ቆመው ብዙ ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ የሚያላጉበት ትልቅ የውድድር መድረክ ሆኗል። ከሕገ ጨዋታው ሁሉ ልቤን የነካው፣ በዕድሜ በተከፈለ ውድድር ጥንዶቹ የሚመደቡት በታናሹ ዕድሜ መሆኑ ነው፤ የ70 ዓመት አረጋዊ ከ50 ዓመት ጎልማሳ ጋር ቢጣመሩ፣ ሕጉ ሽበታቸውንና ቁርጥማታቸውን ሳይነካ ወደ 50 ዓመት ይመልሳቸዋል፤ ይህን የመሰለ ተአምር በገድላትም ውስጥ እምብዛም አይገኝ።

ደሴትስ ከተነሣ፣ እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ያሳነጹባት፣ የእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የእነ ዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበትን ዳጋ እስጢፋኖስን በቅርብ የምትመለከት የጣናዋ ደቅ አለችልን። ለገና ዕለት፣ ማለት ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28)፣ ቅዳሴው ካበቃና ጾመኛው ከፈሰከ በኋላ፣ ወንዱ ሁሉ ጫፉ የቆለመመ ገናውን ይዞ፣ አዝመራው ወደ ተነሣለት ማሳ ይወርዳል። ያገቡና ያላገቡ ተብሎ የተከፈለ እንደ ሆነ ዕድሜ ራሱ ወገን ይለያል፤ በላይኛውና በታችኛው ሠፈር የተከፈለ እንደ ሆነ ግን፣ ጢም ያላቀመቀመው ወሬዛና ምርኩዙን ለአንድ ቀን በገና የለወጠው አረጋዊ በአንድ ሩር፣ ማለት በአንድ የገና ኳስ፣ ኋላ ይሰለፋሉ፤ ሩሯን ተከትሎ የሚሮጠው ግን ወሬዛው ብቻ ነው።

እኔ ያየኋቸው መሪጌታ እንዲያውም አንድ እርምጃ አልተራመዱም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጨዋታው ወደሚያልፍበት ስፍራ አስቀድመው ሄደው ቆሙ፤ ሩሯም እንደ ተጠራች ሁሉ መጣችላቸው። ስለ ሸመገለ ተጫዋች ሲወራ ማስተዋሉና ትዕግሥቱ ይመሰገናል፤ እኔ እንደማየው ግን የሽማግሌ ትልቁ ኀይል ማንም የማይደፍረው መሆኑ ነው። ተቃራኒው ጎረምሳ እየገሠገሠ መጥቶ፣ ዳዊት ያስደገሙትን መምህሩን ቅልጥማቸውን እንዳይላቸው ፈርቶ ገናውን ሰበሰበ፤ እሳቸውም ቀስ ብለው፣ ቆብ እንደሚያስተካክል ሰው ተረጋግተው፣ ሩሯን ለራሳቸው ወገን ልጅ አቀበሉት።

ከዚያ በኋላ ጠብ ተነሣ። ሩሯ ከተጋጣሚው ዳርቻ አለፈች ይላል አንዱ፣ አላለፈችም ይላል ሌላው፤ ሜዳው መስመር የለው፣ ጨዋታው ዳኛ የለው። «ሽማግሌ ይጠየቅ!» ተባለ። በሜዳው ላይ ከመሪጌታው በቀር ሽማግሌ አልነበረም።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ አልፋለች?»

«ልጆቼ፣ በልደቱ ቀን ለወገኔ ብዬ ልዋሽ? አልፋለች!» አሉ፤ እንኳን ሩሯን፣ ሩሯን የመታትን ሰው እንኳ ከዚያ ርቀት የማይለይ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ፣ ኳስ በመስመር ውስጥ ዐረፈች ወይስ ወጣች ብሎ የሚፈርደው ኳሷ ባረፈችበት በኩል የቆመው ተጫዋች ራሱ ነውና፣ ሽበታም አጋር ለምን እንደሚፈለግ አሁን ገባኝ።

ሲመሽ የአሸናፊዎቹ ተራ ሆነ። በገና ዕለት ጌታ እንኳ የማይቆጣበት የግጥም ስድብ መዝነብ ሲጀምር፣ ያሸነፉት የታችኛው ሠፈር ጎረምሶች አፋቸው ላይ ከመጣው በቀር የሚሉት አልነበራቸውም፤ ቅኔ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁት መሪጌታ ግን፣ ሰሙን ምርቃት ወርቁን ስድብ አድርገው ሲያወርዱት፣ ተሸናፊዎቹ ግማሹን «አሜን» እያሉ ተቀበሉት።

ይህን ያዩ የሁለቱ ሠፈር የቡድን አባቶች በሚቀጥለው ዓመት ጾመ ነቢያት እንደ ገባ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ የዘጌ ቡና ቋጥረው ወደ መሪጌታው ቤት ሄዱ አሉ። መሪጌታውም ከሁለቱም ተቀብለዋል።