ባለሦስት እግሩ ሙዚየም

«ጥበብ ለሁሉም ይዳረስ» የሚል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚዳረሰው አበል ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የአፍሪካን ሕዝብ ትግል እየተረከ ከ1961 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። የሕዝብ ነውና ሕዝቡ ዘበኛውን ካሳመነ ያየዋል።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲወረድ ሸቤ ላይ ግን ኤግዚቢሽኑ ራሱ እየተንደቀደቀ ይመጣል። ባጃጅ! ከኋላ ቦብ ማርሌይ፣ ከጎን አንበሳ፣ መሐል ላይ ባርሴሎናን መልቀቁ ገና ያልተነገረው ሜሲ፣ ከሥር ምቀኛን የሚሸነቁጥ ጥቅስ። ቡናቸውን በማዳበሪያ የጫኑ እናት ክርናቸውን አንበሳው ግንባር ላይ ያስደግፋሉ (አፍሪካ አዳራሽ ቢሆን ፊሽካ ይነፋባቸው ነበር)። አስጎብኚው ሹፌሩ ነው።

«ማን ሣለው?» አልኩት።

«ስገዛት ተለጥፎ ነው። ይልቅ ሒሳብ!»