መድኃኒት ጀምረህ ነው?

አዲስ አበባ ላይ መጠጥ ያቆመ ሰው የሚጠብቀው ምርመራ ከፖሊስ ጣቢያ አያንስም። «ምነው አመመህ? መድኃኒት ጀመርክ? ጌታን ተቀበልክ?» ጨጓራውን ምስክር አድርጎ ካላቀረበ የሚለቀው የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አባረረ፤ ጠረጴዛ ከበው የሚያስተዋውቁትን ግን የሚነካ አንቀጽ የለውም። እነሱ ደግሞ በነጻ ነው የሚሠሩት፤ ሒሳብ ሲመጣ ካልሆነ በቀር።

ለእንዲህ ያለው ሰው መፍትሔው የደሴን መንገድ ይዞ ከሚሴ መውረድ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በዚህ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ «ለምን አትጠጣም?» ብሎ የሚያፋጥጥ የለም፤ ግራ ቀኙን የሚቃኘው የሚጠጣው ነው። የወሎ ሰርግ ከጠሩትም ከተቆላ ገብስ የተጠመቀ ቀሪቦ ይቀዳለታል። መልኩ ጠላ ስለሚመስል ፎቶ ላይ እንኳ አያሳጣውም።

እፎይ ብሎ ፍራሹ ላይ ጋደም ሲል ግን የጫት እስር ፊቱ ይቀመጣል።

«አልቅምም።»

በርጫው ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዱ ከልቡ አዝኖ፦ «ታዲያ ወላሂ፣ ጨዋታውን እንዴት ልትችለው ነው?»