ስለ «ያው ነው» ጥቂት ጥናታዊ ነጥቦች

«እንዴት ነህ?»
«ያው ነው።»

ይህች መልስ እስከ ዛሬ ሳትጠና መቅረቷ ያስቆጫል። ግሪኮች «ታውቶ» የሚሉት የእኛኑ «ያው» ነው፤ «ሎጎስ» ደግሞ ንግግር። ሲጣመሩ ታውቶሎጂ ይሆናሉ፤ ያንኑ ነገር መልሶ መናገር ማለት ነው። (በሌላ አነጋገር፣ የተነገረውን ደግሞ መናገር ማለት ነው።)

በሕንድና በባንግላዴሽ የሚኖሩት ቤንጋሎች በዚህ ዘርፍ ይበልጡናል። ለተደጋገመ ንግግር «ፑኖሩክቲ» የሚል ቃል አላቸው፤ ዳግም የተባለ ማለት ነው። «ዲሩክቲ»ም አላቸው፤ ሁለቴ የተባለ። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማለትን ለመጥራት ሁለት ቃል ማዘጋጀታቸውን ከሥራ ጥራት ቆጥሬዋለሁ። በሎጂክ ላለው ታውቶሎጂ ደግሞ «ሾቶሾቶ» የሚል ሦስተኛ አለ፤ በራሱ እውነት የሆነ እንደ ማለት ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ቃሉ ራሱ የተደጋገመ ይመስላል። ይህ ሁሉ ሳያንሳቸው ዳቦን «ፓውሩቲ» ይሉታል። «ፓው» ከፖርቱጋሎች የተወሰደ ሲሆን ዳቦ ማለት ነው፤ «ሩቲ»ም ያው የዳቦ ዘር ነው። በከተማቸው በኮልካታ ቁርሱን የሚቆርስ ሰው ዳቦ ዳቦ ይበላል።

በእነርሱ እንዳንስቅ፣ እኛም «መርካቶ ገበያ» እንላለን። መርካቶ በጣልያንኛ ገበያ ነው፤ ስሙም የወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ትራፊ ነው። ወሎ ላይ ግን ከባዕድ መበደር እንኳ አላስፈለገም፦ ከደሴ በስተሰሜን ያለው ሐይቅ ስሙ ሐይቅ ነው፤ አጠገቡ ያለችው ከተማም ሐይቅ ናት። ሐይቅ ሄጄ የሐይቅን ሐይቅ አየሁ ያለ ሰው ምላሱ ተሳስሮ አይደለም።

በየስብሰባው የምንሰማቸውን «ቅድመ ዝግጅት»ን እና «የወደፊት ዕቅድ»ን አልፌያቸዋለሁ። ከበዓሉ በኋላ የተጀመረ ዝግጅትና ላለፈው ዓመት የወጣ ዕቅድ አይተን ስለምናውቅ፣ ድግግሞሽ መሆናቸው ገና አልተረጋገጠም።

ወደ ሎጂክ እንምጣ። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው መጽሐፍ ታውቶሎጂ ምንም አይናገርም ብሎ በየነ። ምሳሌው ዝናብ ነው፦ ወይ ይዘንባል፣ ወይ አይዘንብም። ቢዘንብም እውነት፣ ባይዘንብም እውነት፤ ይህን አውቆ ከቤት የሚወጣ ሰው ግን ጃንጥላ ይያዝ አይያዝ አያውቅም። ፈላስፋው አማርኛ ሳይማር ስለሞተ አይፈረድበትም።

«ልጅ ልጅ ነው» ስንል ብርጭቆ የሰበረውን ምረነዋል። «ሕግ ሕግ ነው» ስንል ግን ማንንም አልማርንም። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ በፈላስፋው ሚዛን ሁለቱም ባዶ ናቸው። ሆኖም አንዱ ይቅርታ ሲሆን ሌላው ቅጣት ነው። የትኛው ስም እንደሚምር ለመለየት ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር። ልጅ፣ እናት፣ ሽማግሌ በይቅርታው ዓምድ ገቡ፤ ሕግ፣ ዕዳ፣ ቀጠሮ በቅጣቱ። «ሰው» በሁለቱም ስለገባ ሠንጠረዡን ተውኩት።

የመስክ ጥናቱን ያካሄድኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ፋይሌን ፍለጋ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ቀና ሳትል «ወንድሜ፣ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም» አለችኝ። በልቤ አሰላሁት፤ በየትም በኩል እውነት ሆኖ ወጣ። በዚያ ግቢ ከሰማሁት ሁሉ ሊስተባበል የማይችለው እርሱ ብቻ ነው።

«ታዲያ የቱ ነው፣ እህቴ?» አልኳት።

«ያው ነው» አለች።

ይህ ጽሑፍ ወደ ኅትመት እስከገባበት ቀን ድረስ ፋይሌ ወይ ተገኝቷል፣ ወይ አልተገኘም።