ጀብዱ ከነፍራሹ

በዚህ ዘመን ለዕረፍት ወጥቶ ያረፈ ሰው ሊያፍር ይገባዋል። ሐዋሳ ወርዶ፣ አሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ፣ አባ ኮዳዎቹ በዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየ እግሩን ዘርግቶ የዋለ ሰው ሰኞ ቢሮ ገብቶ ምን ሊያወራ ነው? «አረፍኩ» ሊል? አጠገቡ ያለው ባልደረባው እኮ ወንጪን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ጉልበቱን ልጦ፣ ፎቶውን ለጥፎ ጨርሷል። ወንጪስ ሐይቅ አይደለም ወይ የሚል ሞኝ አይጠፋም። ሐይቅ ነው፤ ግን ደክሞ የሚታይ ሐይቅ ነው። የሐዋሳው ተቀምጠው የሚያዩት ስለሆነ ክብር የለውም።

እኔ እንግዲህ ከተቀማጮቹ ወገን ነኝ። ጀብደኞቹን በሩቁ ሳደንቅ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ያየሁትን ልመስክርላቸው።

ጀብዱ ድሮ ሰው ሳያስበው የሚገባበት ነገር ነበር። አሁን ከነቫቱ ይሸጣል። ክፍያው ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ የታሸገ ውኃ፣ ቲሸርትና ፎቶ አንሺ ያካትታል፤ ጨመር ያደረገ ዲጄም ያገኛል። አውቶቡሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል ይባልና ያረፈዱትን ሲጠብቅ ቆይቶ 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ የቀኑ ትልቁ ፈተናም እዚያው ላይ ያበቃል። የቀረው ዳገት ነው፤ እሱንም ቢሆን ስፒከሩን የሚሸከም ልጅ አይጠፋም። የመናገሻ ሱባ ጉሬዛዎች የሰሞኑን ዘፈን ከኛ ቀድመው ቢሸመድዱ አይፈረድባቸውም።

ይሄ ግን የጀማሪ ጀብዱ ነው። የጀብዱን ሙሉ ማዕረግ ማየት የፈለገ፣ አገር ሰላም ሲሆን፣ ደባርቅ ድረስ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ ተጓዡ የሚገባው ብቻውን ከተፈጥሮ ጋር ሊጋፈጥ ነው። ብቻውን ስል ጋይዱ፣ መሣሪያ የታጠቀው ስካውት፣ አብሳዩ፣ የአብሳዩ ረዳት፣ በቅሎዎቹና በቅሎ ነጂዎቹ ሳይቆጠሩ ነው። ጀብደኛው የሚይዘው ውኃና ካሜራ ነው። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ድንቹ፣ ቡታጋዙ በበቅሎ ይሄዳል። በቅሎ ነጂው ጠዋት ከእሱ ኋላ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ሰላም ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያም ማደሪያው ግጭ ካምፕ ቀድሞ ደርሶ ጭነቱን ያራግፋል። ጀብደኛው እያለከለከ ከች ሲል ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሻይ ፈልቷል፣ ፈንዲሻ ፈንድቷል። አዎ፣ ፈንዲሻ፤ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ።

ጫማዎቹንም አይቶ ማለፍ ነውር ነው። የጀብደኛው ጫማ ውኃ አያስገባም፣ ላብ ያስወጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይደግፋል፤ ሻጩ እንደነገረው ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀረው፣ እሱም ራሱ መራመድ። ከፊቱ የሚሄደው ስካውት ክላሹን አንግቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በኮንጎ ጫማ ነው። ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ገደል፣ ያንኑ ውርጭ። ማታ አንደኛው ዚፑን እስከ አፍንጫው ዘግቶ «ቀዝቃዛ ሌሊት» ብሎ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፤ ሌላው እሳት ዳር ጋቢውን ተከናንቦ እሱን ይጠብቃል።

ራስ ዳሽን የሚደርሱት ደግሞ ሌላ ክብር አላቸው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ይህን ጫፍ በመውጣት መጀመሪያ የተመዘገቡት አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1841 የወጡት ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬ እና ጋሊኒዬ ናቸው። ከእነሱ በፊት የአካባቢው እረኞች እዚያ አልደረሱም ማለት አይደለም፤ ማን መዝግቧቸው! ፍየል ጠፍታበት የወጣ እረኛ ቢኖር እንኳ ፍለጋ ነው የሚባለው። ተራራ የሚሸነፈው ሥራ ፈትቶ ሲወጡበት ብቻ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤቨረስት ላይ ገመዱን ቀድመው የሚዘረጉት ሸርፓዎች ናቸው። ደንበኛው ገመዱን ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድ መጽሐፍ ይጽፋል።

ወደ አፋር ብትወርዱም ያው ነው። 613 ሜትር ከፍታ ወዳላት እሳተ ገሞራ ኤርታ አሌ ግመል ፍራሽ ተሸክሞ ይወጣ ነበር፤ ጀብደኛው የቀለጠውን ድንጋይ ካየ በኋላ መሬት ላይ እንዳይተኛ። ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ አሞሌ ቆራጩ በዚያ ሐሩር መጥረቢያውን ሲያነሳ፣ ማቀዝቀዣ ካለው ላንድክሩዘር የወረደው ሰው ስልኩን ያነሳል። ከሁለቱ ጀብደኛው የትኛው እንደሆነ ከፎቶው ሥር ተጽፏል።

እስቲ ለፋሲካ እናቱን ሊጠይቅ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የተሳፈረውን ሰው አስቡት። መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቀው ሲደርስበት ነው። ምሳ አልተካተተም። የት እንደሚያድር የሚወስንለት ኬላው ነው። ፎቶ አንሺ የለም፤ ስልክ ማውጣትም አይመከርም። ቤቱ ሲገባ «ምነው ዘገየህ?» ተብሎ ይወቀሳል። ቲሸርት የሚሰጠው የለም።

ለጀብደኞቻችን ያለኝ ልመና ትንሽ ነው። ፍራሽና ፈንዲሻ ያለበት ጉዞ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ደግሞ ነውር የለውም፣ እኔ ስኖርበት አይቼዋለሁ። ወደ እኛ ወገን በክብር ኑ፤ ቦታ አለ። የለም፣ ጀብዱ ነው ካላችሁ ግን በቅሎዋን አሳርፏትና ድንቹን ተሸከሙት።

በቅሎ ነጂው በበኩሉ ይህ ሁሉ ክርክር አያገባውም። ሒሳቡን ተቀብሎ ደባርቅ ሲገባ ጠላ ቤት ግድግዳ ተደግፎ እግሩን ይዘረጋል። ስለ ዳገቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። የሚያሳስበው የሚቀጥሉት ጀብደኞች ስንት ፍራሽ እንደሚያስጭኑ ነው።