የሰንጋ ፍርሃት

ሥጋ ቤት ተቀምጠን ቁርጣችንን አዋዜ እያጠቀስን ሳለ፣ የአራት ልጆች አባት የሆነው ወዳጃችን «ቫዜክቶሚ ላሠራ ነው፤ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለ። ቢላዎች ሁሉ አየር ላይ ቀሩ።

«ልትኮላሽ?» አሉት ጋሼ፣ የጠረጴዛችን አንጋፋ። «ተው ልጄ! ዛሬ ምንም አይመስልህም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ሆርሞንህ ተሟጦ ድምፅህ ይቀጥናል፣ ወገብህ ይለግማል፣ እንደ ሰንጋ ትሰባለህ።» ይህን ያሉት የሰንጋውን ሻኛ ወደ አፋቸው እየላኩ ነው።

ሰንጋውስ እውነትም ያሳዝናል፤ የጠፋበት ቆለጡ ነው። ሆርሞኑ የሚሠራው እዚያ ነዋ! ቫዜክቶሚ ግን ቆለጥ አይነካም። የወንዴው ዘር የሚያልፍባቸውን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ቆርጦ ይዘጋል፣ በቃ። ቴስቶስትሮን በእነዚያ ቱቦዎች ሄዶ አያውቅም፤ ድሮም መንገዱ ደም ነው። የጓሮ በር ስለተዘጋ በዋናው በር የሚወጣ ሰው ቤት ውስጥ አይታሰርም። ያሠሩ ወንዶች ከዓመታት በኋላ ሲለኩም ሆርሞናቸው በዚህ ሰበብ ወርዶ አልተገኘም። የሚያወርደው ዕድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ ጋሼንም አልማራቸውም (ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም)።

የሚያስቀው፣ የዛሬ 100 ዓመት ወሬው የተገላቢጦሽ ነበር። ቪየና ላይ ኦይገን ሽታይናኽ የሚባል ሳይንቲስት፣ ቱቦው ቢቋጠር ሆርሞን ይጨምራል፣ ሽማግሌም ይታደሳል ብሎ አሳመነ። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 አሠራ። አየርላንዳዊው ገጣሚ ዬትስ በ1934 ተከተለ፤ ዕድሜው 68 ነበር፤ ዳግም ጎረመስኩ እያለም አወራ። እነሱ ለመጎርመስ የሮጡለትን ቢላ እኛ ኮርማነታችንን ልናተርፍ እንሸሸዋለን። ቱቦዋ ግን ያኔም ዛሬም ሆርሞን የሚባል እንግዳ አስተናግዳ አታውቅም።

«ባለቤትህስ ለወሊድ መከላከያ ምን ትጠቀማለች?» አልኩት።

«መርፌ። በየ3 ወሩ።»

መርፌው እንግዲህ ራሱ ሆርሞን ነው። የወር አበባ ያዛባል፣ ራስ ምታትም ሊያመጣ ይችላል። ስለ ሆርሞን ሲንቀጠቀጥ የነበረው ጠረጴዛ ይህን ሲሰማ ወደ አዋዜው ተመለሰ። «እሱ ይለመዳል» አሉ ጋሼ፣ እየቆረጡ።

ወዳጃችን ቀጠሮውን ሰርዟል። የሚስቱ መርፌ ማክሰኞ ነው።