የዳንግላው ልብስ ሰፊ የነጥብ ሒሳብ

አዊ ዞን፣ ዳንግላ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፤ ጥር ሲቃረብ ደግሞ የፈረስ ግላስ ይሰፋል። ማንነቱን የጠየቀው ሰው ግን ስለ ስፌት የሚሰማው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የሚነገረው የባህር ዳር ከተማ ደጋፊ መሆኑ ነው። እሱም ተራ ደጋፊ አይደለም። ክለቡ ፕሪምየር ሊግ ገብቶ፣ በቴሌቪዥን ታይቶ፣ ማሊያው በየሱቁ ከተሰቀለ በኋላ የመጡትን «የድል አጥቢያ አርበኞች» ይላቸዋል። እሱ ከፕሪምየር ሊግ በታች ያለው የከፍተኛ ሊግ ዘመን ሰው ነው።

የከፍተኛ ሊግ ደጋፊ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በ2010 አንድ ደንበኛ «የማን ደጋፊ ነህ?» አለው።

«የባህር ዳር ከተማ።»

«አይ፣ ከእንግሊዝ ማለቴ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአዊ ዞን ወጣት ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሰናልና ለማንቸስተር ይጨቃጨቃል። በነገራችን ላይ ዳንግላ ለእንግሊዝ እንግዳ አይደለችም። ሜጀር ቺዝማን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እዚሁ ተቀምጦ፣ ዓባይንና ጣናን እየዞረ ካርታ ሠርቷል። የዛሬው የዳንግላ ወጣት በተራው የአርሰናልን የተከላካይ መስመር ይለካል። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚጫወተውን ክለብ ግን የት ምድብ እንዳለ አያውቅም ነበር።

ልብስ ሰፊው ያውቃል። የሱቁ የቆርቆሮ በር በውስጥ በኩል ሰሌዳ ሆኖ ያገለግላል፤ የጨርቅ ምልክት በሚያደርግበት ጠመኔ የምድቡን ሠንጠረዥ ጽፎበታል። ስንት ጨዋታ፣ ስንት ነጥብ፣ ስንት የግብ ልዩነት። ችግሩ የደንበኞቹን ልክ የሚጽፈውም እዚያው በር ላይ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ መምህር ወገብ ከምድቡ መሪ ነጥብ ጋር ተቀያይሮ፣ መምህሩ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ልብስ ሰፊው አልደነገጠም። «ሳምንት ሦስት ነጥብ ሲጨመር ይስተካከላል» አላቸው።

የ2010ሩ ከፍተኛ ሊግ 32 ክለቦች ነበሩት፤ በሁለት ምድብ፣ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ሆነው። የየምድቡ አንደኛ በቀጥታ ወደ ፕሪምየር ሊግ ይገባ ነበር። ሁለቱ ሁለተኞች ደግሞ ለሦስተኛዋ ቦታ አንድ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በየአገሩ ዞረህ፣ በአቧራና በጭቃ ተጫውተህ፣ ሰላሳ ጨዋታ ጨርሰህ፣ ዕጣ ፈንታህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወሰናል። ልብስ ሰፊውን እንቅልፍ ያሳጣው ይኸው የመለያ ጨዋታ ነበር። ከሦስተኛ በላይ ሁለተኛን ይፈራል። ሦስተኛ የወጣ ሰው ቁርጡን አውቆ ይተኛል፤ ሁለተኛ የወጣ ግን እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ይንገላታል።

ውጤት የሚገኝበት መንገድም ራሱን የቻለ ውድድር ነበር። የታችኛውን ሊግ ከሚከታተሉት ጥቂቶች አንዱ ሶከር ኢትዮጵያ ድረ ገጽ ነበር፤ ኔትወርክ ሲኖር እሱን ይከፍታል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሬዲዮ አለ፤ ሬዲዮው ግን ስለ ማድሪድ አሥር ደቂቃ አውርቶ ከፍተኛ ሊጉን በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ሦስተኛው ምንጭ ከባህር ዳር የሚመጣ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሾፌሩ ጨዋታውን ባያየውም ስታዲየሙ አጠገብ ሲያልፍ የሰማውን ጩኸት ይተረጉማል። «ሁለት ጊዜ ጮኸዋል። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። ረጅሙ ጎል ነው፤ አጭሩ ተሽሯል።» ልብስ ሰፊው ይህን ተቀብሎ በጠመኔ ይጽፋል፤ ማታ ያጠፋዋል፤ ጠዋት መልሶ ይጽፈዋል።

ይህን ሁሉ ስቃይ የማይረዳው አንድ ደንበኛ ነበረው፤ ከባንጃ በኩል የሚመጣ ፈረሰኛ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው። ማኅበሩ በ1932 የተመሠረተ ነው፤ ፈረስ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ ለመዘከር። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። የአባላቱ ቁጥር ከ62 ሺህ በላይ እንደሆነ ይነገራል፤ ይህም 50 ሺህ ያህል ተመልካች እንዲይዝ ከተሠራው የባህር ዳር ስታዲየም ይበልጣል፤ ፈረሶቹ ቁጭ በሉ ቢባሉ እንኳ። ፈረሰኛው ግላሱን ሊለካ ሲመጣ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ያይና ይገረማል።

«አሁን ይሄ ምንድነው?»

«ሒሳብ ነው አያ። እኛ እኩል ከወጣን፣ እነዚያ ደግሞ ከተሸነፉ…»

«አንተ ትጫወታለህ?»

«አልጫወትም።»

«ታየዋለህ?»

«ከየት አምጥቼ!»

«እኛ ዘንድ የቀደመ ፈረስ ቀደመ ነው። ሌላ ምድብ ውስጥ የሚሮጠውን ፈረስ ውጤት የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።»

ፈረሰኛው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ፈረስ ሲሮጥ ሁሉም ነገር እዚያው ሜዳ ላይ ያልቃል፤ ተሸናፊውም በግብ ልዩነት አይሟገትም። ከፍተኛ ሊግ ግን የሚካሄደው ግማሹ ሜዳ ላይ፣ ግማሹ ልብስ ሰፊው በር ላይ ነው።

የታችኛውን ሊግ መከታተል የእኛ ብቻ አባዜ እንዳልሆነ ደግሞ ማወቅ ደግ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት የሆኪ ሁለተኛ እርከን አለ፤ እንደ 2010ሩ ከፍተኛ ሊጋችን 32 ቡድን ነው ያለው። ከመካከላቸው ስመ ጥሩ በቸኮሌት ፋብሪካ ከተማ የሚኖረው የኸርሺ ድቦች ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ዋንጫውን ወስዷል። ታዲያ ዋንጫ ወስዶ ወዴት አደገ? የትም! እዚያ ክለብ አያድግም፤ የሚያድገው ተጫዋች ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለላይኛው ሊግ ክለብ ልጅ የሚያሳድግ ሞግዚት ነው። ደጋፊው አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ይወድዳል፣ ስሙን ማሊያው ላይ ያስጽፋል፣ ማጣሪያው ሲደርስ ከላይ ይደወልና ልጁ በሌሊት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ለልብስ ሰፊው የነገሩት ጊዜ መቀሱን አስቀመጠ። «እና ደጋፊው ምን ይሁን?» አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ይወድዳል ተባለ። «ይሄማ መበለትነት ነው።»

በእኛ አገር ቢያንስ የሚወጣው ሁሉም ተያይዞ ነው። በ2010 ባህር ዳር ከተማ በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው፣ በቅጽል ስሙ «ማንጎ»፣ እየተመራ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ የመለያው መዓት ቀረለት። ከሌላው ምድብ ደቡብ ፖሊስ በቀጥታ ገባ። ሁለቱ ሁለተኞች፣ ሽረ እንዳሥላሴና ጅማ አባ ቡና፣ ያቺን የተፈራች ጨዋታ ተጫወቱና ሽረ አለፈ። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ስለ ጅማ አባ ቡና ደጋፊዎች አዝኖ ሱቁን በጊዜ ዘጋ ይባላል። ምሥራቹን ለማክበር የዘጋው ቀን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ለሦስት ቀን ነበር፤ ሱሪ የሰጡ ሰዎች አሁንም አልረሱትም።

የእግር ኳስ ነገር ሆኖ በዚያው ዓመት ወልድያ ወረደ። ወልድያ ከአንድ ዓመት በፊት አገር የተነጋገረበት አዲስ ስታዲየም የተመረቀላት ከተማ ናት። ልብስ ሰፊው ከዚህ ተነሥቶ አንድ ፍልስፍና አበጀ፤ ስታዲየም ሲያምር ቡድኑ ያንቀላፋል የሚል። ባህር ዳርም ትልቅ ስታዲየም እንዳላት ሲነገረው «የኛው አላለቀም እኮ» አለ፤ በደስታ።

ክለቡ ላይ ወጥቶ ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ በ2013፣ የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ውድድሩም በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ይካሄድ ጀመር፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። የሚኒባሱ ሾፌር ሥራ ፈታ። ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ አየ፤ ታመመም። በሬዲዮ የሳተ ኳስ ሁሉ ለጥቂት ነው የወጣው፤ በቴሌቪዥን ግን ኳሱ በስንት ሜትር እንደሳተ ይታያል፤ ደግመውም ያሳዩታል። በዓይነ ኅሊናው ያሳደገው የክንፍ ተጫዋች እንደ ጋላቢ ፈረስ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያየው ልጅ ኳስ ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚመልስ ነው። «ድሮ ጥሩ እንጫወት ነበር» ይላል አሁን፤ አንዱንም ጨዋታ ሳያየው ስላለፈው ዘመን።

ድሮው ግን አንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ። በ2015 ባህር ዳር ከተማ ሊጉን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰና የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳታፊ ሆነ። ያ የተጠላ ሁለተኛነት ለአንድ ጊዜ በጎ ነገር አመጣ። የደረሰው የታንዛኒያው አዛም ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ 2 ለ 1 ለባህር ዳር። የመልሱ ዳሬሰላም። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ሁኔታው ለጨዋታ ወሬ የማይመች ነበር፤ ሰውም ከኳስ የበለጠ የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው። ልብስ ሰፊው ግን አዲስ አበባ ያለ የእኅቱ ልጅ አለው፤ ልጁም ዲሽ ያለበት ቤት ቁጭ ብሎ እያየ በስልክ ሊያስተላልፍለት ቃል ገባ።

አዛም በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ። ድምሩ እኩል ሆነ፤ ፍጹም ቅጣት ምት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ ሰፈሩ ከበበው።

«ገባ ጋሼ!»

«የማን ነው የገባው?»

«ሊመታ ነው!»

«ማን? እኛ ወይስ እነሱ?»

«ኧረ ዝም በሉ ጋሼ፣ አልሰማም!»

«አንተ ልትሰማ ነው ወይስ ልታይ የተቀመጥከው?»

«ሳተ! ሳተ!»

እዚህ ላይ ግማሹ ሰው እልል ሲል ግማሹ ራሱን ያዘ፤ ማን እንደሳተ የሚያውቅ አልነበረም። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። በሦስተኛው ጥሪ ከወዲያ በኩል የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ፈረሰኛው በአጋጣሚ እዚያ ነበረና ጆሮውን ስልኩ ላይ ደፍቶ ካዳመጠ በኋላ ፍርዱን ሰጠ፤ «ረጅም ጩኸት ነው። አሸንፋችኋል።» እውነትም ባህር ዳር ከተማ በመለያ ምት 4 ለ 3 አልፏል። በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካ አስወጣው፤ ስለዚያኛው በሰፈሩ ብዙ አይወራም።

የልብስ ሰፊውን የጠመኔ ሒሳብ እንደ ቀልድ የሚያዩ ሰዎች ሦስት ነገር ቢያስታውሱ ይበጃቸዋል። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ በ2009 አድጎ በ2010 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ በገባበት ዓመት። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2015 አድጎ በ2016፣ በአሠልጣኝ በጸሎት ልዑልሰገድ እየተመራ፣ ያንኑ ደገመው፤ አብረውት ያደጉት ሻሸመኔ ከተማና ሀምበርቾ በዚያው ዓመት ሲወርዱ። በ2014 ያደገው ኢትዮጵያ መድን ደግሞ ለ2017 ሻምፒዮንነት በቃ፤ አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ናቸው፤ ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን ያደረጉትም እሳቸው ነበሩ። የነገውን ሻምፒዮን ማየት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት የት እንደሆነ ከዚህ ግልጽ ነው። የእንግሊዝን ሠንጠረዥ በቃሉ የሚወጣው ወጣታችን ግን ይህን የሚሰማው ዋንጫው ከተነሣ በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊው አሁን ሁለት ሠንጠረዥ ይይዛል፤ የላይኛውን ለግዴታ፣ የታችኛውን ለፍቅር። በሩ ሞልቶ ግድግዳውን ጀምሯል። የስፖርት ጋዜጠኞች ስለ ማድሪድ ከሚያወሩበት አሥር ደቂቃ ሁለቱን ለከፍተኛ ሊግ ቢሰጡ፣ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ያገባውን ልጅ ስምና ደቂቃውንም ቢናገሩ ውለታቸውን አይረሳም። የዘንድሮውን የምድብ ድልድል የያዘ መንገደኛም በዳንግላ ሲያልፍ ጎራ ይበል። ቁልፍ በነጻ ይተከልለታል፤ ሱሪ ግን ባያስለካ ይሻላል።